በሰከንድ መቶ አርባ አራት ጊዜ

ልጄ ለገዛ ልጁ «ዓይንሽ ነው የሚዋሽሽ» ሲላት የሰማሁት መታጠቢያ ቤት ካልሲ እያጠብኩ ነው። የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው፤ እዚህ ሲያስነጥሱ ከጎረቤት «ይማርሽ» ይመጣል። ስለዚህ ጆሮ ጠቢ ተብዬ የምከሰስበት ነገር የለም፤ ወሬው ራሱ ነው ሳያንኳኳ የገባብኝ። «ሁለት ቀን ሙሉ አፍጥጠሽበት ዓይንሽ ደክሟል። ስክሪኑ ይበራል፣ ሥዕል ያሳያል። ሌላ ምን እንዲያደርግልሽ ነው? ምሳ እንዲያጎርስሽ ነው?» አላት። እሷ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም፤ ስታዝን ድምጿ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው፣ በዚህ በኩል ወንድ አያቷን ነው የወጣችው። ከዚያ ልጄ ነገሩን ጨረሰው። «ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። ባለሱቁ ከሦስት ቀን በላይ አልቀበልም ብሏል። ከሥራ ስወጣ ሱቁ ድረስ እመጣለሁ፤ እንመልሰውና ነገ ጠዋት አብረሽኝ መሥሪያ ቤት ትሄጃለሽ። ቦታው እስከ ነገ ነው የሚቆይልሽ።» በሩ ተዘጋ። እኔ ካልሲውን ጨምቄ ጨምቄ ውሃው አልቆ ክሩ ሊወጣ ደረሰ።

ልጄ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምለውን ስለማውቅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲደረድር ኖሮ አሁን የደርዳሪዎቹ አለቃ ሆኗል። ወረቀት ሲይዝ እንቁላል የያዘ ነው የሚመስለው። ማኅተም ያረፈበት ነገር ሁሉ እውነት፣ ማኅተም የሌለው ሁሉ የልጅ ጨዋታ ነው እሱ ዘንድ። ለልጁም እዚያው መስኮት ሥር ወንበር አግኝቶላታል፤ ገቢ ደብዳቤ ልትመዘግብ። ጥሩ ወንበር ነው፤ ይሽከረከራል አሉ። ችግሩ ልጅቷ መሽከርከር አትፈልግም።

ልጅቷን ድንቢጥ ነው የምላት። ትንሽ ሆና ከአልጋ አልጋ ስትዘል ያወጣሁላት ስም ነው፤ አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ የሞተችው ገና ሁለት ዓመቷን ሳትደፍን ስለሆነ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቷም ልማቷም የእኔ ነው። ሥራዋ መሣል ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን አይደለም፤ ሰዎች ስልካቸው ላይ በሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ የሚሮጡትን፣ የሚዘሉትን፣ የሚወድቁትን ነው። አንድ ድርጅት የአሥር ቀን ሙከራ ሰጥቷታል፤ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለች የምትሮጥ አንዲት ልጅ ሠርታ እንድታስረክብ። ሩጫዋ ካማረ ትቀጠራለች፤ ካላማረ ያ የሚሽከረከር ወንበር ይጠብቃታል። ድርጅቱ ታዲያ ቀድሞ አስጠንቅቋታል፤ ምስሉን በሰከንድ መቶ አርባ አራት ጊዜ በሚያድስ ስክሪን ላይ ካላየሽው የሩጫው እንከን አይታይሽም ብሏታል። እሷም ማተሚያ ቤት ቲሸርት ላይ ሥዕል ስታትም ያጠራቀመችውን የአንድ ዓመት ከአራት ወር ላብ አውጥታ ያንን ስክሪን ገዛች።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሲኒማ ላይም አልነበረም። ያለው የቆመ ሥዕል ነው፤ አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይተካል፣ መሃሉን ዓይን ራሱ ይሰፋዋል። ቶሎ ቶሎ ከተተካ ስፌቱ አይታይም፤ ከዘገየ የቸኮለ ልብስ ሰፊ ሥራ ይመስል እያንዳንዷ ስፌት ትቆጠራለች። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነው። ግን ሟቹ ባለቤቴ የሲኒማ ማሽን አጫዋች ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጎኑ ቆሜ ፊልም ጠቅልያለሁ፣ የተበጠሰውን በምላጭ ቆርጬ በማጣበቂያ ቀጥያለሁ። ስለሚዘል ምስል ማንም ተነስቶ አያስተምረኝም።

ስክሪኑ የመጣ ቀን ድንቢጥ ሳጥኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ የማተሚያ ቤት ሥራዋን የመጨረሻ ቀን ልትጨርስ በሩጫ ተመለሰች። «እማማ፣ ማታ አብረን እንከፍተዋለን» አለችኝ። እስከ ማታ የታሸገ ሳጥን እያየ የሚቀመጥ ሰው ሌላ ነው። ከፈትኩት። አወጣሁት፣ እግሩን ገጠምኩለት፣ አቧራ ባይኖረውም ጠረግሁት፣ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘሁት። ስትገባ በርቶ ጠበቃት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቀጥላ «ገመዱ አብሮት የመጣው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ታዲያ ከየት ይመጣል?» አልኳት። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ሲጠይቁኝ መልሼ እጠይቃለሁ።

ደስታው አንድ ሰዓት አልሞላም። ድንቢጥ ማውሷን ይዛ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀስት ግራ ቀኝ አስኬደቻትና ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ሱቁ ውስጥ ስታያት ቀስቷ እንደ ዘይት ነበር የምትፈሰው፤ እዚህ ትዘላለች። ማስተካከያውን ከፈተች። ፍጥነቱ የሚመረጥበት ቦታ ላይ ያለው ስልሳ ብቻ ነው፤ ከስልሳ በላይ የሚመረጥ ነገር የለም። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን ያላደረገችው የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች። ምስሉን የሚያወጣውን ሶፍትዌር አደሰች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጫነች። ከስክሪኑ ሥር ያሉትን ቁልፎች እየተጫነች ዝርዝሩን ሁሉ ፈተሸች። ገመዱ ላልቶ እንደሆነ ብላ ነቅላ ሰካች። ኢንተርኔት ላይ የማታውቃቸውን ሰዎች ለመነች፤ አንዱ ኮምፒውተርሽ አርጅቷል አላት፣ ሌላው ተጭበርብረሻል አላት፣ ሦስተኛው ሰደባት። በመጨረሻ አባቷን ጠርታ ብታሳየው የነገርኳችሁን አላት፤ ማታ አንዴ፣ ጠዋት ደግሞ ሁለተኛ።

እጄን አድርቄ ክፍሏ ስገባ ስክሪኑን ነጩ ፎም ውስጥ ልትመልሰው ተንበርክካ አገኘኋት። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አልጋው ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ጠረጴዛውን ይነካል። ጠረጴዛው የባለቤቴ ነበር፣ ፊልም የምንጠቀልልበት። የመጠቅለያው ብረት የታሰረበት አራት ቀዳዳ ጫፉ ላይ አሁንም አለ፤ ድንቢጥ እርሳሷን ትሰካበታለች።

«መልሺና ስኪው» አልኳት።

«እማማ፣ አባዬ ወስኗል እኮ።»

«አባትሽ በፋይሉ ይወስን። ስኪው ብዬሻለሁ።»

ሰካችው። ቀስቷን ቶሎ ቶሎ እንድታዞራት ነገርኳት። እሷ ስታዞር እኔ ቀስቷን አልተከተልኩም፤ መሃሉ ላይ አንድ ቦታ መርጬ አፈጠጥኩ። ባለቤቴ ያስተማረኝ እንደዚህ ነው። ፊልሙ ላይ ፈረስ ሲጋልብ ፈረሱን አትከተዪው፣ አጥሩን እይ፤ ፈረሱን ከተከተልሽው ዓይንሽ ያማልልሻል ይለኝ ነበር። አፍጥጬ ሳይ ቀስቷ አንድ አልነበረችም፤ እዚህ አንዷ፣ እዚያ ሌላዋ፣ መሃላቸው ባዶ፣ ጥርሱ የረገፈ ሰው አፍ ይመስል።

«ትዘላለች» አልኩ። «ዓይንሽ አይዋሽም።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ሌላ ቀን ቢሆን እጅጌ መሐረብ አይደለም እላት ነበር። «ከሁለት ቀን ወዲህ ያመነኝ ሰው አንቺ ነሽ» አለችኝ። እኔ ማመን አይደለም፤ አየሁ። እሱን ግን አልነገርኳትም። «ተነሺ፣ ምሳ በልተን ሱቁ እንሂድ» አልኳት። «አባትሽ እስኪመጣ ሻጩ ዓይናችን እያየ ይፈትነው።»

ስክሪኑን የገዛች ቀን ሱቁ ያለበትን ሕንፃ ስትነግረኝ እንዳላወቀ ሰው አልፌው ነበር። አውቶብስ ውስጥ እሷ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እኔ ክንዴን ሳጥኑ ላይ አሳርፌ ሄድን። ስንወርድ ቀና ብዬ አየሁት። ሲኒማ ቤታችን ነው። ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላለፍኩም፤ ሲገጥመኝ ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ። አዳራሹ በመስታወትና በአልሙኒየም ተሸንሽኖ ከአርባ በላይ ሱቅ ሆኗል፤ ስልክ፣ ቻርጀር፣ የስልክ ልባስ፣ ደግሞ ቻርጀር። ወለሉ ግን ያው ነው፣ ድሮ መጋረጃው ወደነበረበት ወደፊት ያዘቀዝቃል። ባለሱቆቹ ሁሉ ዕቃቸው እንዳይንሸራተት ከጠረጴዛቸው የፊት እግር ሥር እንጨት ደግፈዋል። ለምን እንደሚያዘቀዝቅ አንዳቸውም የሚያውቁ አልመሰለኝም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ከፊቱ ያለውን ጭንቅላት አሻግሮ እንዲያይ ነው።

በስተኋላ ግድግዳው ላይ ከፍ ብለው ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ነበሩ። በአንደኛው ብርሃኑ ይወጣል፣ በሌላኛው ባለቤቴ ያያል። የብርሃኑን በሲሚንቶ ደፍነውታል፤ በባለቤቴ መስኮት በኩል የአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ አሳልፈውበታል። ከዚያ ጀርባ ያለችው ክፍል ሦስት እርምጃ በአራት ነበረች። ክረምት ከበጋ ምድጃ ናት፤ ባለቤቴ በካናቴራ ነበር የሚሠራው፣ እኔ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ እየደረብኩ። ማሽኑ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነበር የሚንኳኳው፤ ልጄ ያንን ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር፣ ከመጠቅለያው ጠረጴዛ ሥር ካፖርት አነጥፍለትና ይተኛል። ከታች ስድስት መቶ ሰው አንድ ላይ ሲስቅ በጆሮዬ ሳልሰማው ወለሉ በእግሬ ይነግረኝ ነበር። ፊልሙ አልቆ ሲወጡ ግን ቀና ብሎ የሚያየን የለም። ይህ እኔን ያናድደኝ ነበር። ባለቤቴ «እንደሱ ነው ጥሩ» ይለኛል፣ ላቡን እየጠረገ፤ «ቀና ብለው ካዩን አበላሽተናል ማለት ነው።»

«እማማ፣ ደከመሽ እንዴ?» አለችኝ ድንቢጥ።

«ጫማዬ ነው» አልኳት።

ሱቁ ድሮ ስምንተኛው ረድፍ የነበረበት አካባቢ ነው። ባለሱቁ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ምላሱ ከእሱ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ነው። ድንቢጥ ነገሩን ስታስረዳው እኔን እያየ ፈገግ አለ፤ አሮጊት አስከትሎ የመጣ ደንበኛ ለጭቅጭቅ እንደመጣ ያውቃል።

«እህቴ፣ በስልሳውስ ቢሠራ ምን ይጎድልብሻል?» አላት። «የሰው ዓይን እኮ በሰከንድ ከሃያ አራት ሥዕል በላይ አይለይም። ሲኒማ ለምን በሃያ አራት የሆነ ይመስልሻል?»

«ለምን ሆነ?» አልኩት እኔ።

«ዓይን ከዚያ በላይ ስለማያይ ነዋ፣ እማማ።»

«ፊልም ውድ ስለነበረ ነው፣ የኔ ልጅ። ሃያ አራቷንም ቢሆን እያንዳንዷን ሥዕል ሁለቴ ነበር የምናበራት። አንዴ ብቻ ብናበራት አባትህ ራሱን ይዞ ነበር ከዚህ አዳራሽ የሚወጣው። ወንበሩ ደግሞ አንተ አሁን የቆምክበት ላይ ነበር።»

ከጎን ያለው ቻርጀር ሻጭ ሳቀ። ባለሱቁ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ፤ «እሺ፣ እንፈትነው» አለ፣ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ስክሪኑን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አቆመው፣ ከራሱ ኮምፒውተር ገመድ ስቦ ሰካበት፣ ዝርዝሩን ከፈተ። ድንቢጥ ጎንበስ ብላ አነበበችልኝ፤ መቶ አርባ አራት ይላል። ማውሱን ከእጁ ነጠቀችውና ቀስቷን አዞረቻት። እኔም መሃሉ ላይ አፈጠጥኩ። ቀስቶቹ ተጠጋግተው፣ አንዷ የሌላዋን ጀርባ ልትነካ ደርሳ፣ እንደ ዶቃ ተሰክተው አለፉ። አምሮ ነበር፤ ውሸት አልናገርም። የልጅቷ ፊት በራና ወዲያው ጠፋ። ስክሪኑ ጤነኛ ከሆነ በሽተኛው ቤት ያለው ነው ማለት ነው።

«አየሽ፣ ስክሪኑ ምንም የለውም» አለ ባለሱቁ። አሁን ፌዙን ትቶ ነው። «ኮምፒውተርሽ ነው አቅም ያነሰው። ሌላ ኮምፒውተር ካልገዛሽ ይሄ ላንቺ ጌጥ ነው። አልዋሽሽም። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከመለስሽው እቀበልሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልችልም።»

ይህን ሲል ገመዱን ነቅሎ ጫፉን በጣቶቹ መሃል እያዞረ ነበር። እሷ እሱን ታያለች፣ እኔ ገመዱን አያለሁ። ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፤ አራት ማዕዘን ሊሆን ብሎ አንዱ ጥጉ ተቆርጧል። ማንበብ የማይችል ሰው ቅርጽ አይረሳም። መድኃኒቴን የምለየው በክኒኑ ቅርጽ ነው፣ አውቶብሴን በግንባሩ ቀለም። ያቺን የተቆረጠች ጥግ የት እንዳየኋት ለማስታወስ ቅንጣት ጊዜ አልፈጀብኝም። የእኔ ቁም ሳጥን መሳቢያ ውስጥ ናት።

ሳጥኑን የከፈትኩ ቀን አብሮት የመጣው ገመድ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ወገቡ በቀጭን ሽቦ ታስሮ ነበር። አዲስ ነው። እኔ በሕይወቴ አዲስ ነገር በመጣበት ቀን ነክቼ አላውቅም። ልጄ ያመጣልኝ ብርድ ልብስ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከነቦርሳው አለ፤ አሮጌውን ጥፌ እለብሳለሁ። ከአንድ ደርዘን ሳህኔ አራቱ ብቻ ናቸው ምግብ ያዩት። ያደግሁት እንደዚያ ነው፤ አሮጌው እያለ አዲሱ አይደፈርም። ከተቃጠለው ቴሌቪዥናችን የተረፈ ገመድ ደግሞ ነበረኝ። የስክሪኑም የኮምፒውተሩም ጀርባ ላይ ገመድ የሚሰካበት ሁለት ዓይነት አፍ አየሁ፤ የቴሌቪዥኑን ገመድ ብሞክረው ካንደኛው ልክ ገባ፣ ሌላው ጫፉም ከኮምፒውተሩ ልክ ገባ፣ ምስል መጣ። ምስል ከመጣ ምን ቀረ? አዲሱን ከነላስቲኩ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ለክፉ ቀን ብዬ። ከዚያ ማታ ስትጠይቀኝ «ታዲያ ከየት ይመጣል» አልኳት።

«ትንሽ ልቀመጥ» ብዬ ወጣሁ። ድንቢጥ ልትከተለኝ ስትል እጄን አወናጨፍኩባት። ወደ ማሽኑ ክፍል የሚያስወጣውን ደረጃ በቆርቆሮ በር ዘግተውታል፤ የታችኞቹ ሦስት ደረጃዎች ግን ከበሩ ውጭ ቀርተዋል፣ ሲሚንቶው መሃሉ ላይ በእግራችን እንደጎደጎደ። እዚያ ላይ ተቀመጥኩ።

የሲኒማው ጌታ ባለቤቴን ያዋረደው እዚያው ደረጃ ሥር ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ቤቱ ጢም ብሎ፣ ምስሉ መጎተት ጀመረ። የሴትየዋ ድምፅ ወፍሮ የወንድ ሆነ። ሰው አፏጨ፣ ወንበር ደበደበ። ማሽኑን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ አልቆ እየተንሸራተተ ነበር፤ ባለቤቴ አዲስ ይገዛልኝ ብሎ ከጠየቀ ወር አልፎታል። ጌታው ሰው እየወጣ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ጠጥተህ ነው የገባኸው» አለው። መጠጥ አፉ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። ቺንጋው ነው አለ፤ ድምፁ ወደ ውስጥ ስለሚሄድ የሰማው የለም። በማግስቱ ከማሽኑ አውርዶ በር ላይ ትኬት ቀዳጅ አደረገው፤ እኔንም ወደ ጽዳት። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አባቱ የሰፈር ጎረምሳ ሁሉ እየገፋው ትኬት ሲቀድ ቆሞ ያየው ነበር፤ ማኅተም መውደድ የጀመረው ያኔ ይመስለኛል። በዓመቱ የጌታውን ቢሮ ሳጸዳ መሳቢያው ሳይቆለፍ አገኘሁትና ውስጡ አዲሱን ቺንጋ ከነወረቀቱ አየሁት። ተገዝቶ ነበር። አሮጌው እስኪበጠስ ይሥራ ብሎ ነው። አውቆ ዝም አለ፣ ባለቤቴም እስኪሞት በር ላይ ቀረ። ያንን ሰውዬ አርባ ዓመት ረግሜዋለሁ፤ ጥሩ ጥሩ እርግማን ነበረኝ፣ አንዳንዱማ ሌሊት ብቻዬን ያስቀኝ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። አንዱም አላስቀኝም።

ማምለጫም አስቤ ነበር፤ የሌለኝን ቅድስና አልለብስም። ስክሪኑን ይዘን እንመለስ፣ ማታ ሳይታይ ገመዱን እለውጣለሁ፣ ጠዋት ራሱ ዳነ እላለሁ፤ ማን ያውቅብኛል። ግን ልጄ ስክሪኑን ተሸክሞ የሚመለስ አይደለም፣ ነገሩን በልቡ ፈርሞ ጨርሷል። ደግሞስ ራሱ ዳነ ቢባል ምን ሊላት ነው? ድሮም ደህና ነበር፣ ዓይንሽ ነው ይላታል። ልጅቷ የሚዋሽ ዓይን ያላት ተብላ ትኖራለች።

ልጄ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል መጣ፣ ቦርሳውን በብብቱ ሸጉጦ። ከደረጃው ላይ ሲያየኝ ቆም አለ፤ ቆርቆሮውን በር አየ፣ ክንዴን ይዞ አስነሳኝ። እሱም ይህን ቤት ዞሮ ነው የሚያልፈው፤ ተነጋግረንበት ግን አናውቅም። ባለሱቁ የኮምፒውተሩን ነገር ሲነግረው ራሱን እየነቀነቀ ሰማው። አልፎከረባትም። እንዲያውም ትከሻዋ ላይ እጁን አሳርፎ «አየሽ፣ ለክፋት አልነበረም» አላት፤ «ነገ አብረን እንሄዳለን፣ ሰው ይለምደዋል።» ድንቢጥ አገጯን ደረቷ ላይ ጣል አድርጋ እሺ አለች። ያቺ እሺ ከምንም በላይ አስጠላችኝ። ባለሱቁ የመመለሻውን ወረቀት ዘረጋ፤ ልጄ ከደረት ኪሱ የመሥሪያ ቤቱን እስክሪብቶ አወጣ።

«አትፈርም» አልኩት።

«እማዬ፣ አሁን አትግቢበት። ሱቁ ሊዘጋ ነው።»

«ኮምፒውተሯ ደህና ነው። ስክሪኑም ደህና ነው። ገመዱን የለወጥኩት እኔ ነኝ።»

«የምን ገመድ?»

«ይሄን» አልኩና ከባንኮኒው ላይ አነሳሁት። «ይሄ አንድ ጥጉ የተቆረጠው። ከሳጥኑ ሲወጣ አዲስ ነው ብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ደበቅሁት፤ የተቃጠለውን ቴሌቪዥን ገመድ ሰካሁላት። ሁለት ቀን የለፋችው በእኔ ስስት ነው።»

ባለሱቁ ቀድሞ ገባው። ከግድግዳው ላይ ሌላ ገመድ አወረደ፣ እንደ ቴሌቪዥናችን ያለ፤ ከስክሪኑ ሁለተኛ አፍ ጋር አገናኘው። ዝርዝሩን ከፈተ። ስልሳ። ከስልሳ በላይ ምንም። ቀስቷን ራሱ አዞራት፣ ዘለለች። «ይሄኛው አፍ ከስልሳ አያልፍም» አለ፤ «መመሪያው ላይ ተጽፏል እኮ፣ እማማ።»

«ለእኔ ተጽፎ ምን ሊሠራልኝ? ብትሥሉትስ?»

«ሥዕልም አለው።»

«እንግዲያው የእኔ ነው ጥፋቱ» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ድንቢጥ ስክሪኑን እንጂ እኔን አላየችም። ቀስ ብላ «ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ እማማ» አለችኝ። ብትጮህብኝ እመልስላት ነበር፤ ለጩኸት መልስ አላጣም። «ጠይቀሽኛል» አልኩ። «ጠይቀሽኛል፣ እኔም መልስ አልሰጠሁሽም። አጥፍቻለሁ።» ይህቺን ቃል በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ለባለቤቴ ሊላት ይገባ ነበር፤ ሳትባል ቀርታለች። ከአፌ ስትወጣ ለካ አጭር ናት፤ ትንፋሽ እንኳ አትጨርስም።

ልጄ አላየኝም፤ አልተቆጣኝም። ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ እናት ሁሉን ታውቃለች የሚሉት የማታውቅ ሲሆን ነው። ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥሞ ደረት ኪሱ ከተተ። ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጥፎ ለባለሱቁ መለሰለት። ከባንኮኒው ሥር አንድ በርጩማ ስቦ ከልጁ ጎን ተቀመጠ፤ የታሰረውን ጫማ ክር አላላ፣ ቤቱ የገባ ይመስል።

«ማታ ስለ ቀስቷ ያልሽኝን እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አላት።

ድንቢጥ ዞራ አየችው። ባለሱቁ ጥጉ የተቆረጠውን ገመድ መልሶ ሰካላት። ማውሱን ያዘችና ጀመረች፤ ይህቺ ጣሪያ ለጣሪያ የምትዘለዋ ልጅ እግሯ መሬት ሲነካ በስልሳው እንደማይታይ፣ በዚህኛው ግን ተረከዟ መጀመሪያ ከዚያ ጣቶቿ ሲያርፉ እንደሚታይ፣ እንከኑም እዚያች ላይ እንደሆነ። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ድምጿ ወደ ውጭ መጣ። ቻርጀር ሻጩ መዝጊያውን ሲጎትት ሰምታ ንግግሯን አፈጠነችው።

«አትቸኩዪ» አላት ልጄ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ነገ ብቻዬን ነው የምሄደው።»